ሰራውንድ ሳውንድና ስፒከር ለሳሎንዎ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከመግዛት በፊትም ከተገዛ በኋላም የሚነሱ ጥያቄዎች ናቸው፤ ከቀላሉ ጀምረን ወደ አስቸጋሪው እንሄዳለን።

5.1፣ 7.1፣ 5.1.2 የሚሉት ቁጥሮች ምን ማለት ናቸው?

የመጀመሪያው ቁጥር በጆሮ ከፍታ አካባቢ ዙሪያውን የሚቀመጡትን ስፒከሮች ይቆጥራል፤ ሁለተኛው ወፍራሙን ድምፅ (ቤዝ) የሚያወጣውን ሰብዉፈር፤ ሦስተኛው ካለ ደግሞ ከላይ ድምፅ የሚያወርዱትን። ስለዚህ 5.1 ሲባል ከፊት ግራና ቀኝ፣ መሃል ላይ ሴንተር፣ ከጎን ትንሽ ወደ ኋላ ሁለት ሰራውንድ እና አንድ ሰብዉፈር ነው። 7.1 ከጀርባ ሁለት ይጨምራል። 5.1.2 ለዶልቢ አትሞስ (ድምፅ ከላይም እንዲመጣ ለሚያደርገው አሠራር) ሁለት የላይ ስፒከር አለው።

ለአብዛኛው ሳሎን 5.1 ይበቃል። 7.1 የሚጠቅመው ከሶፋው ጀርባ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ባዶ ቦታ ሲኖር ነው። ሶፋው ግድግዳ ተደግፎ ከተቀመጠ የኋላዎቹ ሁለቱ ጆሮ ሥር ይጮኻሉ፤ ገንዘቡን ለተሻለ ሴንተር ማዋል ይሻላል።

ሳውንድባር ይበቃኛል ወይስ ስፒከሮችን ለየብቻ ልግዛ?

ተከራይ ከሆኑና ግድግዳ መብሳት ካልቻሉ፣ ሳሎኑ ጠባብ ከሆነ፣ ያስቸገረዎትም የቲቪው ድምፅ መቅጠን ብቻ ከሆነ ሳውንድባር ይበቃዎታል። ሲገዙ ግን 2.1 ሳይሆን 3.1 ይምረጡ። ልዩነቱ ሴንተሩ ነው፤ ንግግር ጠርቶ የሚሰማው በእሱ ነው።

ድምፁ በእርግጥ ዙሪያዎን እንዲከብብ ከፈለጉ መንገዱ ኤቪ ሪሲቨር እና የተለያዩ ስፒከሮች ነው። ኤቪ ሪሲቨር ስንል የዲሹን ሪሲቨር ማለታችን አይደለም፤ ምስልና ድምፅ ተቀብሎ ድምፁን ለየስፒከሩ የሚያከፋፍለውና የሚያጎላው ማሽን ነው። ዴኖን፣ ያማሃ፣ ኦንክዮ፣ ሶኒ እና ማራንትዝ ይሠሩታል። ትልቁ ጥቅሙ አንዱ ክፍል ሲበላሽ ያንን ብቻ መቀየር መቻልዎ ነው፤ ደህና ስፒከር 20 ዓመት ያገለግላል፣ ማሽኑ ግን በመሃል ሊቀየር ይችላል።

በአንድ ካርቶን የሚሸጠው ሆም ቲያትር 1000 ዋት ይላል። እውነት ነው?

ካርቶኑን ትተው የማሽኑን ጀርባ ያንብቡ። እዚያ ከመብራት የሚወስደው ኃይል ተጽፏል። 90 ዋት የሚወስድ ዕቃ 1000 ዋት ያለማቋረጥ ሊያወጣ አይችልም። ፒኤምፒኦ የሚል ጽሑፍ ካለበት ቁጥሩን ጭራሽ አይቁጠሩት፤ ለቅጽበት የሚወጣን ጫፍ በየስፒከሩ አባዝቶ የሚደምር የማስታወቂያ አቆጣጠር ነው።

ሌላው ችግር የእነዚህ ስፒከሮች ኦም፣ ማለትም ኤሌክትሪክን የሚገቱበት መጠን ነው። ብዙዎቹ 3 ወይም 4 ኦም ሆነው ለዚያው ማሽን ብቻ የተሠሩ፣ መሰኪያቸውም የራሳቸው የሆነ ነው። ማሽኑ ሲቃጠል ስፒከሮቹን ለ8 ኦም ከተሠራ ኤቪ ሪሲቨር ጋር ማገናኘት አዲሱን ማሽን ከልክ በላይ ያግለዋል፤ ድምፁ ከፍ ሲል ራሱን ያጠፋል፣ አልፎም ይቃጠላል።

ታዲያ ለሳሎኔ ስንት ዋት ያስፈልገኛል?

ከሚያስቡት በታች ነው። መጀመሪያ መታየት ያለበት የስፒከሩ ሴንሲቲቪቲ ነው፤ ይህም በ1 ዋት 1 ሜትር ላይ ስንት ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) እንደሚያወጣ ይናገራል። 86 ዴሲቤል የሆነ ስፒከር 3 ሜትር ርቀት ላይ ለተቀመጠ ሰው በ1 ዋት ብቻ 78 ገደማ ያደርሳል፤ ይህ ከመደበኛ ንግግር በደንብ ይበልጣል። ዋቱ በእጥፍ ሲጨምር የሚገኘው 3 ዴሲቤል ነው። ስለዚህ 64 ዋት ሲደርስ 96 ላይ ነን፤ ለሳሎን ይህ ከበቂ በላይ ነው።

ከዚህ ሒሳብ ሁለት ነገር ይከተላል። በ80 እና በ100 ዋት መካከል ያለው ልዩነት 1 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ለእሱ ተጨማሪ ገንዘብ አይክፈሉ። በሌላ በኩል 89 ዴሲቤል የሆነ ስፒከር ከ86ቱ ጋር ሲነጻጸር ማሽንዎን በእጥፍ እንዳሳደጉት ይቆጠራል። የማሽን ዋት ሲያነጻጽሩም አለካኩን ያስተያዩ፤ ኸርዝ የድምፅ ቅጥነትና ውፍረት መለኪያ፣ ቻናል ደግሞ ለአንድ ስፒከር የሚሄድ የድምፅ መስመር ነው። «በ8 ኦም፣ ከ20 ኸርዝ እስከ 20 ኪሎ ኸርዝ፣ ሁለት ቻናል» ተብሎ የተለካ 80 ዋት፣ «በ6 ኦም፣ በ1 ኪሎ ኸርዝ፣ አንድ ቻናል፣ 10 በመቶ መዛባት» ተብሎ ከተለካ 150 ዋት አያንስም።

በጀቴ ትንሽ ነው፤ በምን ልጀምር?

በፊት ሦስቱ ይጀምሩ፦ ግራ፣ ቀኝ፣ ሴንተር። የፊልም ንግግር በሙሉ ማለት ይቻላል ከሴንተሩ ይወጣል፤ ሙዚቃው ከግራና ቀኙ። ከኋላ የሚመጣው ዝናብ፣ የመኪና ድምፅና የመሳሰለው ነው። ሦስቱ ከአንድ አምራች፣ ከአንድ ሞዴል ቤተሰብ ይሁኑ። አለበለዚያ ሰው ከግራ ወደ ቀኝ እየተናገረ ሲያልፍ ድምፁ መሃል ላይ ይለወጣል፤ አንዴ ከሰሙት ከጆሮዎ አይጠፋም።

ቀጥሎ ሰብዉፈር፣ ሰራውንዶቹ መጨረሻ። ኤቪ ሪሲቨሩ 3.1 ተብሎ ሊስተካከል ስለሚችል ሰራውንዶቹን ከዓመት በኋላ ቢገዙም ምንም አይጎድልም። እነሱ ከፊቶቹ ያነሱና የረከሱ ቢሆኑም ችግር የለውም።

ስፒከሮቹን የት ላስቀምጥ? ቡፌው ውስጥ ቦታ አለኝ።

ቡፌው ውስጥ አያስገቧቸው። የተዘጋ ሳጥን ውስጥ የገባ ስፒከር ወፍራም ድምፅ ያስተጋባል፤ የወንድ ድምፅ በርሜል ውስጥ የሚናገር ይመስላል። ሴንተሩ የግድ ቡፌው መደርደሪያ ላይ ከሆነ ፊቱ ከጠርዙ ጋር እኩል እስኪሆን ወደፊት ይሳቡት፤ ከጆሮዎ በታች ከሆነም የፊት እግሩ ሥር ጎማ ነገር አስገብተው ፊቱን ወደ ላይ ያቅኑት። ግራና ቀኙ በመቆሚያ ላይ ይሁኑ፤ ትንሿ የቀጭን ድምፅ ስፒከር በተቀመጠ ሰው ጆሮ ከፍታ፣ ማለትም ከወለል 95 እስከ 100 ሳንቲ ሜትር ገደማ ላይ ትሁን።

ከመቀመጫዎ 3 ሜትር ከራቁ በግራና በቀኙ መካከል ከ2.2 እስከ 3 ሜትር ይኑር። ጀርባቸው ላይ ቀዳዳ ካላቸው ከግድግዳ ቢያንስ 20 ሳንቲ ሜትር ያርቋቸው። ሰራውንዶቹ ከጎንዎ፣ ከትከሻዎ መስመር ትንሽ ወደ ኋላ፣ ከጆሮ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብለው ይሰቀሉ። ሶፋው ግድግዳ ከተጠጋ ደግሞ የሚቻል ከሆነ 30 ሳንቲ ሜትር ወደፊት ያምጡት፤ ግድግዳ ጥግ ቤዝ ስለሚከማች ሁሉም ነገር ይጎረናል።

ሴራሚክ ወለል፣ የተለሰነ የብሎኬት ግድግዳ፣ ሰፊ መስኮት ያለው ሳሎን ያስተጋባል። እጅዎን አጨብጭበው ጠርዝ ያለው የሚርገበገብ ድምፅ ከተመለሰልዎ ከስፒከር በፊት ምንጣፍና ወፍራም መጋረጃ ይግዙ። ምንጣፉ በሶፋውና በቲቪው መካከል ይነጠፍ። ውድ ስፒከር ባዶ ክፍል ውስጥ ከርካሹ ብዙም አይለይም፤ ይህን ሻጭ አይነግርዎትም።

ለሰብዉፈር ጥሩው ቦታ የቱ ነው? ጎረቤቶቼስ?

ጥግ ላይ ጩኸቱ ይበረታል፣ ግን ያልተስተካከለ ይሆናል። 5 ሜትር በሚረዝም ክፍል 34 ኸርዝ አካባቢ ያለው ድምፅ ግድግዳና ግድግዳ እየተጋጨ አንዱ ጋ ይቆለላል፣ ክፍሉ መሃል ይጠፋል። ስለዚህ በሳሎኑ ርዝመት ትክክለኛ መሃል ላይ የተቀመጠ ሰው ሰብዉፈሩ የተበላሸ ይመስለዋል።

አስተማማኙ ዘዴ ሰብዉፈሩን መቀመጫዎ ላይ ማስቀመጥ ነው። ቤዝ ያለው ሙዚቃ ይክፈቱና በቲቪው በኩል ወለሉ ላይ ተንበርክከው ከጥግ ጥግ ይሂዱ። ቤዙ ሳይጎርንም ሳይጠፋም እያንዳንዱ ምት ተለይቶ የሚሰማበት ቦታ የሰብዉፈሩ ቦታ ነው። ከ15 እስከ 25 ካሬ ሜትር ለሆነ ሳሎን ባለ 10 ኢንች፣ የራሱ አምፕሊፋየር ያለው ሰብዉፈር ይበቃል።

ኮንዶሚኒየም ላይ ቤዝ ከሁሉ ቀድሞ ወደ ጎረቤት ያልፋል፤ ስስ ስፖንጅ ግድግዳ ላይ መለጠፍ አያስቀረውም። ሥሩ ወፍራም ጎማ ማድረግ በወለሉ የሚያልፈውን መንቀጥቀጥ ይቀንሳል። ማታ ማታ ደግሞ ከማሽኑ ሰብዉፈሩን 6 ዴሲቤል ዝቅ ያድርጉት፤ ሌሎቹ እንዳሉ ይቆዩ።

ምን ዓይነት ሽቦ ልጠቀም?

ሙሉ መዳብ የሆነ፣ ብዙ ቀጫጭን ክር ያለው ባለ ሁለት ሽቦ። እስከ 10 ሜትር ድረስ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር፣ ከዚያ ሲያልፍ ወይም ስፒከሩ 4 ኦም ሲሆን 2.5። «የኦዲዮ» ተብሎ በውድ የሚሸጠው ከዚህ የሚጨምረው የለም። ተጠንቀቁ የምንለው መዳብ ከተቀባ አሉሚኒየም ነው። በምላጭ ክሩን ሲፍቁት ውስጡ ነጭ ከሆነ አሉሚኒየም ነው፤ ኤሌክትሪክን የሚገታበት መጠን ከመዳብ ከ1.5 እጥፍ ይበልጣል፣ ሲታጠፍም ቶሎ ይሰበራል።

ሲያገናኙ ቀዩ ከቀይ፣ ጥቁሩ ከጥቁር። አንዱ ስፒከር ቢገለበጥ ድምፅ አይጠፋም፤ ቤዙ ይሳሳል፣ ዘፋኙም መሃል መቆሙ ቀርቶ ክፍሉ ውስጥ ይበተናል። ማሽኑ ጀርባ ላይ አንዲት ክር ወጥታ ጎረቤት ቀዳዳ ብትነካ ደግሞ ማሽኑ እንደበራ ይጠፋል።

ከአሜሪካ ኤቪ ሪሲቨር ሊላክልኝ ነው። እዚህ ይሠራል?

የጀርባውን ጽሑፍ ፎቶ አንስተው እንዲልኩልዎ ይጠይቁ። «100–240 ቮልት» የሚል ከሆነ የሶኬት መቀየሪያ ብቻ ይበቃል። ለአሜሪካ የተሠሩ ኤቪ ሪሲቨሮች ግን አብዛኛውን ጊዜ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ብቻ ናቸው። 220 ላይ በቀጥታ ከተሰኩ ዕድለኛ ከሆኑ ፊውዝ ይበጠሳል፣ ካልሆነ ትራንስፎርመሩ ይነድዳል። ሰብዉፈሩንም ለብቻው ይመልከቱ፤ ብዙ ሰው ማሽኑን ጠብቆ ሰብዉፈሩን ያቃጥላል።

የግድ ከሆነ ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ይግዙ። አቅሙ ዕቃው ከሚወስደው ኃይል በእጥፍ ይሁን፤ ጀርባው ላይ 500 ዋት ካለ 1000 ቪኤ (የትራንስፎርመር አቅም መለኪያ)። ለፀጉር ማድረቂያ የሚሸጠውን ትንሿን ቀላል መቀየሪያ በፍጹም አይጠቀሙ። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ለ60 የተሠራው ትራንስፎርመር ትንሽ ይበልጥ ይሞቃል፤ መውጫው 120 ሳይሆን 110 መሆኑ እዚህ ይጠቅማል። ከዱባይ የሚመጣው የቮልት ችግር የለበትም፤ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ያለውን ሶኬት መቀየር ብቻ ነው።

መብራት ሲሄድና ሲመጣ ማሽኑን እንዴት ልጠብቅ?

አደጋው መብራት ተመልሶ በሚመጣባቸው የመጀመሪያ ደቂቃዎች ነው፤ ቮልቱ ከፍና ዝቅ ይላል። መብራት ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ የሚለቅ፣ ቮልቱ ሲያልፍ የሚቆርጥ መከላከያ ይግዙ፤ ተራ ዲቫይደር ይህን አያደርግም። ሰፈርዎ ውስጥ ቮልቱ ቀን ከሌት የሚዋዥቅ ከሆነ ስታቢላይዘር ይጨምሩ። ርካሽ ኢንቨርተርና ዩፒኤስ ግን የተስተካከለ ሳይን ዌቭ (እንደ መስመሩ መብራት ለስላሳ ሞገድ) ስለማያወጡ የማሽኑ ትራንስፎርመር ያንዝዛል፣ ይሞቃልም።

ሙቀትም ይገድላል። አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ ሙቀት የመውሰድ አቅሙም ያነሰ ነው። ከማሽኑ በላይ ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ክፍት ይተዉ። ዳንቴል አያልብሱት፣ ዲኮደርም አይጫኑበት።

ከቲቪው ጋር በየትኛው ገመድ ላገናኝ?

ኤችዲኤምአይ፣ በሁለቱም ጫፍ «ኤአርሲ» ወይም «ኢኤአርሲ» በተጻፈበት ቀዳዳ፤ እነዚህ የቲቪውን ድምፅ ወደ ማሽኑ የሚመልሱ ናቸው። ኢኤአርሲ ያልተጨመቀ ድምፅ ሁሉ ያሳልፋል። ኤአርሲ የተጨመቀውን ዶልቢና ከኔትፍሊክስ የሚመጣውን አትሞስ ያሳልፋል፤ ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። የኦፕቲካል ገመድ እስከ 5.1 ነው፣ አትሞስ አይሸከምም።

«ገመዱ ትክክል ነው፣ ከኋላ ግን ድምፅ የለም» የሚለው ችግር ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ከቲቪው ሴቲንግ ነው። የድምፅ መውጫው «ፒሲኤም» ላይ ከሆነ በኤአርሲ የሚያልፈው ሁለት ቻናል ብቻ ነው። ወደ «ቢትስትሪም» ወይም «ፓስ ስሩ» ይቀይሩት።

የአማርኛ ፊልምና ዘፈን ስከፍት ሰራውንዶቹ ለምን ዝም ይላሉ?

የተቀረጸው ስቴሪዮ ስለሆነ ነው። ዩቲዩብ ላይ የምናያቸው የአማርኛ ፊልሞችና የአገር ውስጥ የሳተላይት ጣቢያዎች በአብዛኛው ሁለት ቻናል ናቸው። ለፊልምና ለድራማ በማሽኑ ላይ «ዶልቢ ሰራውንድ» የሚለውን ይምረጡ፤ ንግግሩን ለይቶ ለሴንተር፣ የአካባቢውን ድምፅ ለኋላ ይሰጣል።

ለዘፈን «ስቴሪዮ» ላይ ይተዉት። «ኦል ቻናል ስቴሪዮ» የሚባለው ለድግስ ጥሩ ነው፣ ሰው በየቦታው ቆሞ እኩል ይሰማል። ቁጭ ብሎ ማሲንቆና ክራር ለማዳመጥ ግን ከሁለቱ የፊት ስፒከሮች የሚበልጥ የለም።

ፍንዳታው ያደነቁራል፣ ንግግሩ አይሰማም። ምን ላድርግ?

መጀመሪያ ሴንተሩ መሥራቱን በማሽኑ የሙከራ ድምፅ ያረጋግጡ። ቀጥሎ የሴንተሩን መጠን ከ2 እስከ 3 ዴሲቤል ከፍ ያድርጉ፤ ከዚያ በላይ ከሄዱ ድምፁ ከፊልሙ ይነጠላል። ሴንተሩ ከ80 ኸርዝ በታች እንዳይጫን በማሽኑ ሴቲንግ «ስሞል» (ቤዙ ወደ ሰብዉፈሩ ይሂድ) ተብሎ መሞላቱንም ይዩ። ማታ ከሆነ ዝቅተኛውን አንስቶ ከፍተኛውን የሚጫነውን የሌሊት ሁኔታ ያብሩ። ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልጠራ ችግሩ የክፍሉ ማስተጋባት ነው፤ ወደ ምንጣፉ ይመለሱ።

ለአትሞስ ወደ ላይ የሚረጩ ስፒከሮች ልግዛ ወይስ ኮርኒስ ላይ ላስገጥም?

ወደ ላይ የሚረጨው ስፒከር ድምፁን ከኮርኒስ አንጥሮ ነው የሚያወርደው። ስለዚህ ኮርኒሱ ጠፍጣፋና ጠንካራ፣ ከፍታውም ከ2.4 እስከ 3.6 ሜትር ገደማ መሆን አለበት። የኮንዶሚኒየም የኮንክሪት ጣሪያ ለዚህ ተስማሚ ነው። ያዘነበለ ጣሪያ፣ ጌጠኛ ጂፕሰም፣ በእርከን የወረደ ኮርኒስ ላይ ድምፁ ይበተናል።

ቺፑድ ኮርኒስ ያለው ቤት ከሆነ የሚገጠመው ይሻላል፣ ሽቦውም ከላይ ይደበቃል። ግን ስፒከሩን ቺፑዱ ላይ ብቻ አያንጠልጥሉ፤ ከእንጨቱ ማገር ጋር ይታሰር፣ አለበለዚያ ቦርዱ ይንጫጫል። ቦታው ከመቀመጫዎ ትንሽ ወደፊት ነው እንጂ ቲቪው አናት ላይ አይደለም።

ያገለገለ ዕቃ ስገዛ ምን ልፈትሽ?

የዉፈሩን፣ ማለትም የትልቁን የወፍራም ድምፅ ስፒከር ዳር የከበበውን ቀለበት በጣት ይንኩ። ስፖንጅ ከሆነ በዕድሜ ይፈረፈራል፤ ጎማ ከሆነ ይቆያል። ከዚያ ኮኑን በአራት ጣት እኩል ይጫኑት፤ የመፈግፈግ ድምፅ ካለ ኮይሉ (ኮኑን የሚያንቀሳቅሰው የሽቦ ጥቅል) ተቃጥሏል ወይም ተጣሟል። 1.5 ቮልት ባትሪ ለቅጽበት በሽቦው ቢያስነኩት ኮኑ ዘሎ «ቷ» ማለት አለበት።

ኤቪ ሪሲቨር ላይ ቶሎ የሚሞተው የኤችዲኤምአይ ቦርዱ ነው። ሁሉንም ቀዳዳ በየተራ በምስል ይሞክሩ፣ ሁሉንም ቻናል በሙከራ ድምፅ ያዳምጡ፣ ሻጩ ፊት ግማሽ ሰዓት ያሠሩት። ሲሞቅ የሚጠፋ ማሽን በመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ጤነኛ ነው።

ከኤቪ ሪሲቨሩ ጋር በመጣው የመለኪያ ማይክሮፎን አስተካከልኩት፤ አሁን ቤዙ ቀጠነ፣ የሰብዉፈሩንም ርቀት ተሳስቶ ጻፈ።

ርቀቱን አይንኩት። ሰብዉፈሩ ውስጥ ያለው ኤሌክትሮኒክስ ድምፁን ስለሚያዘገይ ማሽኑ 3 ሜትሩን 5 ብሎ ይጽፋል፤ የለካው ጊዜን ነው፣ ትክክልም ነው።

የሚታረሙት ሌሎች ናቸው። ሰብዉፈሩ ላይ ያለውን የክሮስኦቨር ቁልፍ (ቤዙ የት ላይ እንደሚቆረጥ የሚወስነውን) እስከ መጨረሻው ይክፈቱት፣ ወይም «ኤልኤፍኢ» ላይ ያድርጉት፤ መቁረጡን ማሽኑ ይሥራው፣ ሁለቱ ከቆረጡ መሃል ላይ ጉድጓድ ይፈጠራል። ማሽኑ የፊቶቹን «ላርጅ» ብሏቸው ከሆነ ወደ «ስሞል» እና 80 ኸርዝ ይቀይሩ። እንደገና ሲለኩ ማይክሮፎኑ በመቆሚያ ላይ፣ በጆሮ ከፍታ ይሁን። የሶፋው መደገፊያ ላይ ከተቀመጠ የጨርቁን ነጸብራቅ ይለካል። ፍሪጅ ይጥፋ፣ መስኮት ይዘጋ። ከዚህ በኋላ ቤዙ አሁንም ካነሰብዎ ሰብዉፈሩን 3 ዴሲቤል ይጨምሩ፤ ነውር የለውም፣ ብዙ ሰው ይህን ይወዳል።

ሰብዉፈሩ ያለማቋረጥ «እምምም» ይላል።

ከማሽኑ የሚመጣውን የድምፅ ገመድ ከሰብዉፈሩ ይንቀሉ። ድምፁ ከቀጠለ ችግሩ የሰብዉፈሩ የራሱ ነው። ከቆመ ደግሞ የዲሹን ገመድ ከዲኮደሩ ጀርባ ይንቀሉና ያዳምጡ፤ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው እሱ ነው። ዲሹ ጣሪያ ላይ በብረት ከመሬት ጋር ይገናኛል፣ ዕቃዎቹ በሶኬት ይገናኛሉ፣ በሁለቱ መካከል ያለው ትንሽ የቮልት ልዩነት በገመዱ ይዞራል።

መጀመሪያ ሁሉንም ዕቃ፣ ሰብዉፈሩን ጨምሮ፣ ከአንድ የግድግዳ ሶኬት ያስነሱ። ካልቆመ ዲኮደሩን በኤችዲኤምአይ ወደ ቲቪው ብቻ ያስገቡና ከቲቪው ወደ ኤቪ ሪሲቨሩ በኦፕቲካል ብቻ ይሂዱ፤ በብርሃን ስለሚሠራ ኤሌክትሪክ አያሻግርም። የዲሽ ገመድ ላይ የሚገባ ተራ አይሶሌተር (ኤሌክትሪክ ማገጃ) አይግዙ፤ ለኤልኤንቢው (ዲሹ ላይ ላለው መቀበያ) የሚሄደውን 13 እና 18 ቮልት ስለሚዘጋ ጣቢያዎቹ በሙሉ ይጠፋሉ። የሰብዉፈሩን የመሬት እግር መቁረጥ ጩኸቱን ያቆማል፣ ግን ውስጡ የሆነ ነገር ቢላቀቅ ብረቱን የነካው ልጅዎ መሬቱ ይሆናል። በፍጹም አያድርጉት።